አቶ ዓባይነህ እና ሦስተኛው ሥዕል

ዓባይነህ የሚንቃቸው ነገሮች ቢዘረዘሩ ከልደታ ሜክሲኮ በእግር ተሂዶም ዝርዝሩ አያልቅም። ፀጉሯ ወርቃማ፣ ጉንጯ ቀይ የሆነች ማርያም የታተመችበትን ፖስተር ይንቃል። በየአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም የሚሣሉትን ጡንቻቸው የተወጠረ መላእክት ይንቃል፤ «ጂም የሚሠሩት» ይላቸዋል። ብራና ጭስ ላይ አንጠልጥለው በሦስት ቀን የአምስት መቶ ዓመት ዕድሜ የሚሰጡትን ነጋዴዎች ይንቃል፤ ከእነሱ የሚገዙትን ቱሪስቶች ደግሞ ከዚያ በላይ ይንቃል። የላሊበላን ዐለት ባዩ ቁጥር «ማን ሠርቶላቸው ይሆን» የሚሉትን ፈረንጆች አይወድም፤ «መላእክት ናቸው የሠሩት» ብለው የጠራቢውን ላብ የሚቀሙትንም አይወድም። ማንኛውንም የአገር ሥዕል ገና በር ላይ ሆነው አይተው «ይኼ እኮ ከቢዛንታይን የመጣ ነው» የሚሉ ምሁራን ሲገጥሙት ግን ንቀቱ ወደ ሕመም ይለወጣል።

ኑሮውም ለዚህ የተመቸ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ተቀምጦ፣ ሰዎች ከአገር ይዘው ሊወጡ ያሰቡትን መስቀል፣ ብራናና ሥዕል እየመረመረ «ቅርስ ነው»፣ «ቅርስ አይደለም» ሲል ኖሯል። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ትናንት የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ዓይን ይስላል፣ ልብ ግን ያደርቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እያንዳንዱን ዕቃ ገልብጦ፣ አሽትቶ፣ በአጉሊ መነጽር አገላብጦ ነበር የሚፈርደው። ኋላ ኋላ ዕቃው ከነላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ «አዲስ ነው» ይል ጀመር። ብዙውን ጊዜ ልክ ነበር፤ ክፋቱም ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ ንቀት የተረፈ አንድ ሰው ነበረ፤ ስሙ የማይታወቅ፣ ከሞተ አምስት መቶ ምናምን ዓመት የሆነው ሠዓሊ። ዓባይነህ የዚህ ሰው የእጅ ሥራ ናቸው ብሎ የሚያምንባቸው ሁለት የእንጨት ሥዕሎች ነበሩ፤ አንዱ በአንድ የደሴት ገዳም ዕቃ ቤት፣ ሌላው ባሕር ማዶ በአንድ ሙዚየም። በሁለቱም ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች። በዚያ ዘመን የእመቤታችን እጅ ሥርዓት ነበረው፤ ጣቶቿ የት እንደሚያመለክቱ፣ ስንቶቹ እንደሚዘረጉ ሠዓሊ ሁሉ ያውቃል። በእነዚህ ሁለት ሥዕሎች ላይ ግን ቀኝ እጇ ሥርዓቱን ትቶ የልጇን ቀሚስ ጫፍ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ይዟል፤ ልጁ ወርዶ እንዳይሮጥባት እንደምትፈራ የሰፈር እናት። ዓባይነህ ሠዓሊውን «ባለ ቁንጥጫው» ይለዋል። ሌሎቹ ከሥዕል ነው የሣሉት፣ ይህ ሰው ግን እናቱን አይቶ ነው የሣለው ሲል ድምፁ ይለሰልሳል፤ ሌላ ጊዜ ግን ለስልሶ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ይህንኑ በምሁራን ጉባኤ ፊት ቆሞ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ የሁለት ነገር መመሳሰል አጋጣሚ ነው፣ ሦስተኛውን ሲያገኙ ተመልሰው ይምጡ አሉት። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓባይነህ ሦስተኛውን ሲፈልግ ኖረ። የዓመት ፈቃዱን በየገዳሙ ጨረሰ፣ ከበቅሎ ወድቆ ትከሻውን ሰበረ፣ ትዳሩም በመሃል ፈረሰ። ጡረታ ሲወጣ የያዘው ስለ ሠዓሊው የጀመረውን ያላለቀ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ሦስተኛው ካልተገኘ ባለ ቁንጥጫው ኖሮ የማያውቅ ሰው ሆኖ እንደሚቀር ያውቃል፤ እሱም ከዚያ በኋላ ምን ሲሠራ እንደኖረ ለማንም ማስረዳት አይችልም።

ቤቱ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት የሚኖሩት እትዬ ወለተሰንበት ናቸው፤ የድሮው ሰፈር ሲፈርስ ከቀበሌ ቤት ወደዚህ የገቡ የልደታ ነባር፣ ባል የሞተባቸው፣ ከልጅ ልጃቸው ከትሕትና ጋር የሚኖሩ። በሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነች ሥዕል አለቻቸው። የባላቸው አያት ቄስ ነበሩ፤ ከመንዝ ሲመጡ ይዘዋት የመጡት ናት ይላሉ። በገቡበት ዓመት ዓባይነህን ደረጃ ላይ አቁመው፣ አዋቂ ነዎት አሉ፣ እባክዎ ገብተው ሥዕሌን ይዩልኝ አሉት። ዓባይነህ ሳቁን ዋጠ። እንዲህ ያለውን ነገር ሺህ ጊዜ ሰምቷል። የማን አያት ቄስ ያልነበረ፣ የማንስ ቤት ሥዕል ከመንዝ ያልመጣ አለ? በልቡ፣ ጣውላ ላይ የተለጠፈች የመርካቶ ወረቀት ናት ብሎ ፈረደባት፤ በአፉ ግን ሌላ ቀን አላቸው።

እሳቸው ግን ሰውን በቀላሉ የሚተዉ አልነበሩም። በየዓመቱ፣ አንዳንዴም በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠሩታል፤ እሱም በየዓመቱ ሰበብ አያጣም። አንድ ዓመት ጉልበቱን አመመው፣ አንድ ዓመት እንግዳ መጣበት፣ አንድ ዓመት ሰበብ መፍጠሩ ራሱ ሰለቸውና፣ «እትዬ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ» ብሎ በሩን ዘጋ። አሮጊቷ በሥዕላቸው ሊኮሩበት እንደሚፈልጉ እርግጠኛ ነበር።

ግንቦት ልደታ ሲሆን ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ንፍሮ ይቀምሳል። እትዬ ወለተሰንበት የዚያን ቀን ሌላ ልማድ ነበራቸው። ጠዋት ሥዕላቸውን አውርደው፣ በጸበል በተነከረ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ያጥቧታል፤ እጣቢውንም በማንቆርቆሪያ ይዘው ወርደው ለሰው ሁሉ በትንሽ በትንሹ ይቀዳሉ። ቄስ አላዘዛቸውም፤ መስቀል ታጥቦ ይጠጣ የለም እንዴ፣ ብለው በራሳቸው የጀመሩት ነገር ነው። ሰዎች ለሆድ ሕመም፣ ለራስ ምታት፣ ለልጅ ፈተና ይጠጡታል። ዓባይነህም ላለመጣላት ይጠጣል። ውሃው ነጣ ያለ፣ ምላስ ላይ የጠመኔ ጣዕም የሚተው ነበር። አንድ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነው ጎረቤት ኢዶሳ፣ ጴንጤ ነኝ ብሎ በጨዋነት ከመለሰው ስኒ ሥር የቀረውን ነጭ ዝቃጭ ለዓባይነህ አሳይቶ፣ ጋሼ፣ ይኼ ነገር ምንድን ነው ሲል ጠየቀው። ዓባይነህ የሕንፃው ታንከር ኖራ ነው አለው፤ በልቡም የመዝገብ ቤት ሰው ስለ ውሃ ከመቼ ወዲህ ነው የሚመራመረው ብሎ ናቀው።

እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ። ዘንድሮ እትዬ ወለተሰንበት ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና አልጋ ላይ ዋሉ። ግንቦት ልደታ ያለ እጣቢ አለፈች። ከሳምንት በኋላ ትሕትና የዓባይነህን በር አንኳኳች። አያቷ ሥዕሏን ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ መወሰናቸውን፣ ከዚያ በፊት ግን ዕድሜዋን አንድ የሚያውቅ ሰው እንዲነግራቸው መፈለጋቸውን ነገረችው። ዓባይነህ በዚህ ጊዜ እምቢ አላለም። ቤተ ክርስቲያኑን ከአንድ ተጨማሪ ቆሻሻ ላድነው ብሎ አጉሊ መነጽሩን ኪሱ ከተተ። ኮሪደሩን ሲሻገር የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር እንኳ አዘጋጅቶ ነበር።

እትዬ ወለተሰንበት ሳሎን ውስጥ በተዘረጋላቸው አልጋ ላይ በትራስ ተደግፈዋል። ትሕትና ሥዕሏን አውርዳ መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻትና ቀዩን ጨርቅ ገለጠች።

ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረም። ጥንታዊ የዋንዛ ጣውላ፣ በላዩ የተበላ ነጭ ጄሶ፣ ጄሶውም ባለቀበት የእንጨቱ ደም ሥር። የእናቲቱ ፊት የለም፤ የልጁም የለም። ሁለት የራስ ቅርጾች ብቻ በጄሶው ላይ በብረት ተጭረው ይታያሉ። ዓባይነህ መጀመሪያ ያየው ጣውላውን ነበር። ጠርዙ በመጥረቢያ የተጠረበ፣ ከኋላው ጣውላው እንዳይጣመም የሚይዘው ማገሪያ ከራሱ ከእንጨቱ ተጠርቦ የወጣ፤ እንዲህ ያለ ጣውላ በእጁ የነካው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከታች በኩል አንድ ቦታ ላይ ሰም ተንጠባጥቦ ደርቋል፤ ከብዙ ዘመን በፊት ጧፍ የተጠጋባት ይመስላል። ውሃ ያልነካው ያ ብቻ ነው። ተንበርክኮ መነጽሩን አስጠጋ።

ከቢጫው ሰም ሥር ሁለት ጣቶች የቀይ ቀሚስ ጫፍ ቆንጥጠው ይዘዋል።

ለአንድ አፍታ ደስታ ብቻ ነበር። በዕድሜው እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ሦስተኛው አለ፤ እሱ ልክ ነበር፤ አዳራሹ ሙሉ የሳቀው በከንቱ ነበር። ከዚያ ዓይኑ ከጣቶቹ ወደ ላይ ሄደና ነጩን አየ። በሁለት ጣት ማን ያምነዋል? እነዚያ ሰዎች በሁለት ሙሉ ሥዕል አላመኑትም። ፎቶ ይኖር እንደሆነ ትሕትናን ጠየቃት፤ አያቷ ሥዕሏን ፎቶ አስነሥተው አያውቁም። ያን ጊዜ ለአሥራ አንድ ዓመት ምን ሲጠጣ እንደነበር ገባው። ለአሮጌ ሥዕል መደብ የሚሆን ጄሶ በሙጫ እንደሚቦካ፣ ውሃ ሲነካው ጠመኔ ሆኖ እንደሚፈታ ለተማሪ ሲያስተምር የኖረው እሱ ራሱ ነበር።

የሚያውቀው መሸሸጊያ ንቀት ብቻ ስለሆነ ወደዚያው ሮጠ። ዞሮ አሮጊቷን ተቆጣቸው። ይህ በምድር ላይ ከቀሩት ሁሉ የሚበልጥ ሥዕል እንደነበር፣ ጦርነት፣ እሳትና ምስጥ ያልቻሉትን እሳቸው በጨርቅ እንደጨረሱት፣ መሃይምነት ከሌባ የከፋ መሆኑን ነገራቸው። ትሕትና ልትናገር ስትል አያቷ በእጃቸው ዝም አሰኟት። ዓባይነህ በመጨረሻ የቀረውን ሁሉ ንቀት ሰብስቦ ጠየቀ።

«አንድ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ እንዴት ያቅትዎታል?»

እትዬ ወለተሰንበት አልተቆጡም።

«ጠየቅሁ እኮ፣ አቶ ዓባይነህ» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ጠየቅሁ። የቀበሌው ቤት ጥላሸት አጥቁሯት ስለነበር ነው ያጠብኳት። መጀመሪያ ሳጥባት የልጁ ዓይን ፈዘዝ አለብኝ፤ ግን ሁለቱም ነበሩ። ጥላሸቱ ይሁን የጎዳት፣ ማጠቤ ይሁን መለየት አቃተኝ። ተዪ የሚለኝ ሰው ካለ ልተው፣ እጠቢ የሚለኝ ካለ ልጠብ፣ ፊት ለፊቴ አዋቂ ሰው አለ ብዬ በርዎን አንኳኳሁ። በየዓመቱ ከፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲጎድል በየዓመቱ መጣሁ። እርስዎ ጊዜ አልነበረዎትም።»

ዓባይነህ ጉልበቱን ተደግፎ ከጠረጴዛው ሥር ተነሣ፤ መነጽሩን ኪሱ ከተተ። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እያለቀሱ እንደሆነ ያወቀው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቶ ነው፤ የሚያለቅሱትም እሱ አሁን የነገራቸውን ሰምተው ነው። ሥዕሏን ያጠፋት ማጠባቸው መሆኑን እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር።

ትሕትና ቀዩን ጨርቅ በጥንቃቄ መለሰችባት። በር ድረስ ሸኘችውና ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው፤ ነገ ሥዕሏን ቤተ ክርስቲያን ስወስድ ዕድሜዋ ስንት ነው ልበላቸው አለችው። አምስት መቶ ሃምሳ ይሆናታል አላት። የማን ሥራ ነው ቢሏትስ? ለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ያዘጋጀው መልስ ነበረው፤ ግን አይታወቅም አላት።

«እሺ ጋሼ። አቶ ዓባይነህ አይተዋት ነው ልበላቸው?»

«አይ» አላት። «እኔ አላየኋትም።»

ቁልፉን አውጥቶ ቤቱ ገባ።