ሁለቱ ክምሮች

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና ታህሳስ ውስጥ ነው፤ እዚሁ ሰቆጣ። ዓመት አልፎታል፤ ከውስጤ ግን አልወጣም። የሳተላይት ካርታ በከፈትኩ ቁጥር ከምድሩ በፊት ከታች ጥግ ላይ የተጻፈችውን ትንሽ ቀን ነው የማየው። ድሮ ልብ ብያት አላውቅም ነበር።

የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። አገሬ ጎጃም ነው፤ እዚህ ከተመደብኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አንድ ክፉ አመል አለብኝ፤ አላውቅም ማለት አልወድም። እናቴ በልጅነቴ "ይቺ ልጅ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ትሰጣለች፣ አንድ ቀን ጉድ ትሆናለች" ትል ነበር። ጉድ የሆንኩት ግን በዚህ ዕድሜዬ ነው።

ክፍል ውስጥ ካርታ ሳስተምር ከሰማይ የተነሳውን የምድር ፎቶ በላፕቶፔ እከፍትላቸው ነበር። ተማሪዎቼ ከፃግብጂ፣ ከደሃና፣ ከሰቆጣ ዙሪያ የመጡ ናቸው። የዋግ ምድር ገላጣ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ከላይ ሲታይ በዛፎቹ ይለያል፤ ጥቁር አረንጓዴ ክብ ሆኖ ቁጭ ይላል። ልጆቹ መጀመሪያ ደብራቸውን ያገኛሉ፣ ከዚያ ወንዙን ይዘው ቤታቸው ይደርሳሉ። የራሱን ቤት ጣሪያ ያየ ልጅ ኬክሮስና ኬንትሮስን አይረሳም። ወሬው ከትምህርት ቤት ወጣና ሰው ቅዳሜና እሁድ ቤቴ ድረስ ይመጣ ጀመር። አንዱ የወንድሙን ቤት፣ ሌላዋ ያደገችበትን መንደር አሳይኝ ይላሉ። እውነቱን ለመናገር እኮራ ነበር።

የምኖረው ተከራይቼ ነው። አከራዬ እታገኝ ትባላለች፤ በዕድሜ እኩያዬ ናት። እንደ ሌላው ሰው "ቲቸር" ብላኝ አታውቅም፣ "እህቴ" ነው የምትለኝ። አምና ታህሳስ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። ባሏ ግንበኛ ነው፤ ለሥራ ወልዲያ ሄዶ ነበር። ግቢው ውስጥ የነበርነው እሷ፣ እኔና አባቷ ቄስ ብርሃኑ ብቻ ነን።

ቄስ ብርሃኑ የፃግብጂ ገጠር ካህን ናቸው። ሐምሌ ላይ የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ ልጃቸው ጋ መጡ። ዓይናቸው ዳነ፤ መንገዱ ግን በጸጥታው ችግር በዚያው ተዘጋ፣ በአገራቸው ስልክም ጠፋ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ "ከብቱንና ማሳውን ለማን ትቼ" ብለው እዚያው ቀርተው ነበር። አምስት ወር ሙሉ ስለ እሳቸው አንድ የተጨበጠ ወሬ አልመጣም።

እታገኝን የበላት ይሄ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ በእኛም አገር እንደዚሁ ነው። ትወልዳለች፣ ልጇ ክርስትና ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች ማለዳ ተሰብስበው ይነግሯታል። እስከዚያ አገር ምድሩ ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም። እታገኝ ይህን ስለምታውቅ የማንንም አፍ አታምንም ነበር። ጎረቤት ከሳቀችላት ለምን ሳቀች ትላለች፤ ካልሳቀችላት ደግሞ ለምን አዘነች ትላለች። በኋላ እህል አልወርድላት አለ። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ እንዲህ ከቀጠልሽ ለአንቺም ለልጅሽም ያሰጋል ብላ ተቆጣቻት። ተቆጥተው ቢያበሏት ጥሩ ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቄስ ብርሃኑ በሬን አንኳኩ። ልጃቸው ከኋላቸው ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ያንን ከሰማይ የሚያሳየውን ነገር እንድከፍትላቸው ለመኑኝ። እታገኝ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እጄንም ያዘችኝ።

"ሰው ያባብለኛል እህቴ፣ ማሽን ግን አያባብልም" አለችኝ።

እንደ ዕድል ኢንተርኔቱ ሠራ። ቄሱ በጣታቸው እየመሩኝ ወንዙን ይዘን ሽቅብ ወጣን። ደብራቸውን አገኘን፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ቤታቸውን። ቆርቆሮው ያብለጨልጫል። አጠገቡ የሳር ክዳን ያለው ማድ ቤት አለ፣ ከእሱ ፊት ለፊት ክብ አውድማ። አውድማው ዳር ላይ ሁለት ቢጫ ነጥቦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

አባትና ልጅ በኽምጣኛ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ መነጋገር ጀመሩ። እኔ ስድስት ዓመት ኖሬ ከሰላምታ ያለፈ ኽምጣኛ አላውቅም። ቄሱ አንድ በአንድ በጣታቸው ይጠቁማሉ፣ ቀስ ብለው ይናገራሉ። እታገኝ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። በኋላ ወደ እኔ ዞረችና በአማርኛ ትነግረኝ ገባች። ነጥቦቹ የገብስ ክምር ናቸው። አባቷ በሌሉበት ሁለት ክምር! እናቷ ደቦ ጠርታ አሳጭዳ መሆን አለበት፤ ድሮም ከወንድ አታንስም። እንዲህ እያለች ቆይታ ድንገት ፊቷ ጠቆር አለ። አባቷን በኽምጣኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ከምስሉ አላነሱም። ጥያቄዋን ወደ እኔ አዞረችው።

"እህቴ፣ ግን ይሄ የአሁን ነው?"

"የአሁን ነው እንጂ! የዘንድሮ ነው" አልኳት አፌን ሞልቼ። "ክምሩ እኮ አውድማ ላይ ነው፣ አሁንስ ታህሳስ አይደል?"

ምስሉ በዚያች ደቂቃ የሚተላለፍ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ መምህርት ነኝ እኮ። የወር ወይም የሁለት ወር ይሆናል ብዬ ነው። ዓይኔን ወደ ታች ጥግ ጣል አድርጌ ቀኑን ማየት እችል ነበር። አላየሁም።

ቄስ ብርሃኑ የደብሩን ዛፎች መልሼ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። በምሥራቅ በኩል ያለውን ጥግ አቅርቢልኝ አሉ። አቀረብኩላቸው። ብዙ ጊዜ አዩት፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ካህን አይደሉ፣ ደብራቸው ናፍቋቸው ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ ይበቃል ብለው ተነሱ።

እታገኝ ያን ዕለት በላች። ሽሮውን ሁለተኛ አስጨመረች። በአሥራ አንደኛው ቀን ሴት ልጅ ወለደች፤ እሷም ልጇም ደህና። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚለው ጎረቤት ግቢውን ሞላው። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ ግማሹ ምስጋና የእኔ መስሎኝ ነበር።

ወሩ ሳያልቅ የፈተና ጥያቄ ሳዘጋጅ የሰቆጣን ምስል ከፈትኩ። የትምህርት ቤታችንን ግቢ ፈለግሁ፣ አገኘሁት። አዲሱ የመማሪያ ክፍል ሕንፃ ግን የለም። ሁለት ዓመት ያስተማርኩበት ሕንፃ ቦታው ላይ ባዶ ሜዳ ሆኖ አየሁት። ያኔ ነው ቀኗን ያነበብኳት። የሦስት ዓመት ፎቶ ነው። ምስሉን ወደ ፃግብጂ ወሰድኩት፤ የቄስ ብርሃኑ ቤት ላይ ቆምኩ፤ ቀኑ ያው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የነበረ ታህሳስ።

ወይዘሮ ትርንጎ ይኑሩ ይሙቱ የማውቀው ነገር የለም፤ በሕይወት አሉ ብዬ ግን መስክሬአለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሦስት ቀን ቻልኩት። በአራተኛው ቀን ቄሱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ግቢው በር ላይ ጠበቅኋቸው።

"አባ፣ በድያለሁ" አልኳቸው። "ያ ፎቶ የዘንድሮ አይደለም። የሦስት ዓመት ነው።"

አልደነገጡም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፣ እኔንም ተቀመጪ አሉኝ።

"አውቃለሁ ልጄ። ሁለቱን ክምር የከመርኩት እኔ ነኝ። በዕድሜዬ ሁለት ክምር የሞላልኝ ያን ዓመት ብቻ ነው።"

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ቤቴ ከመምጣታቸው ከሦስት ቀን በፊት አንድ ዲያቆን በእግር፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ከአገራቸው መጥቶ ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ኅዳር ውስጥ ታመው መድኃኒት ሳይደርስላቸው አርፈዋል። ፍትሐታቸው ተፈትቶ ከደብሩ በስተምሥራቅ ተቀብረዋል። ቄሱ ይህን ሰምተው ፊታቸውን ታጥበው ወደ ልጃቸው ገቡ። እሷ እህል አልቀምስም ብላ ተኝታለች። የሰው ቃል አታምንም። እኔን ያሰቡት ያኔ ነው። ምስሉ አሮጌ ይሁን አዲስ አያውቁም፤ ቤቱን ካየች ልቧ ይመለስ ይሆናል ብለው ነው የመጡት። ክምሮቹን ሲያዩ ግን የትኛው ዓመት እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። እታገኝ ያኔ አግብታ ሰቆጣ ስለነበረች ያን አዝመራ አላየችም።

"ቤቱ ይሄ ነው፣ አውድማው ይሄ ነው አልኳት እንጂ ዘንድሮ ነው አላልኳትም" አሉኝ። "ስትጠይቀኝ አፌ ተያዘ። አንቺ መለስሽልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ምስጋና እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እስከዚያ ዝም እንድል ለመኑኝ፣ ኃጢአቱም የእሳቸው እንደሚሆን ነገሩኝ። እሺ አልኩ።

ሰማንያ ቀን በቃል ሲጠሩት ቀላል ነው። እታገኝ እንደ ድሮዋ ብትጠረጥር ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን አምናለች። በየሳምንቱ ክፈቺልኝ ትላለች፣ ሕፃኗን ወደ ላፕቶፑ ታቀርብና የአያትሽ ቤት ትላታለች። እኔም እከፍታለሁ። ኢንተርኔት የለም ብዬ የዋሸሁባቸው ቀኖችም አሉ። መጋቢት ላይ ምስሉን አይታ ግንባሯን ቋጠረች። ክምሩ ለምን እስካሁን አልተወቃም? እናቴ እኮ እህል አውድማ ላይ አታቆይም፣ ታማ ይሆን? አለችኝ። ፎቶው በየቀኑ አይነሳም ብዬ መለስኩላት። ይቺኛዋ እንኳ እውነት ነበረች፤ ያወጣኋት ግን ለውሸት ነው። ግድግዳው ማዶ ቄስ ብርሃኑ ዳዊት ሲደግሙ ይሰማል። እሳቸው ያን ሁሉ ቀን የሚስታቸውን እርም ሳያወጡ የልጅ ልጃቸውን ሲያጫውቱ ነው የከረሙት።

ሰማንያ ቀኗ ጾም ላይ ስለዋለ የክርስትናው ድግስ ለፋሲካ ቆይቶ ሚያዝያ ውስጥ ተደረገ። ባሏም መጥቶ ነበር፤ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተዘፈነ። በሦስተኛው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢው ገቡ። እኔም አብሬ ቆምኩ። እታገኝ በሩን ከፈተችና አየችን፤ ነገሩ ገባት። የሰውን ሁሉ ፊት አልፋ እኔን ፈልጋ አገኘችኝ።

"ክምሩስ?" አለችኝ።

ሳልጠየቅ የምመልሰው ሴትዮ ተጠይቄ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ከዚያ ጩኸቷ ተሰማ፤ ቄስ ብርሃኑም አራት ወር የያዙትን ለቅሶ ያን ጠዋት ለቀቁት። ሽማግሌ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

ከሐዘኑ በኋላ አባቷን አልተቀየመችም። እንዲያውም እንዴት ቻልከው እያለች አለቀሰችላቸው። እኔን ግን "ቲቸር" ማለት ጀመረች። ሰላምታ አትነፍገኝም፣ ምግብ ስትሠራም ትልክልኛለች፤ "እህቴ" የሚለው ብቻ ቀረ። አንድ ቀን ጨንቆኝ ይቅርታ ጠየቅኋት። አባቷ አባት ስለሆኑ እንደሸሸጓት፣ እኔን ግን ያመነችኝ ባዳ ስለሆንኩ እንደሆነ ነገረችኝ። ቤት ልቀይር አሰብኩና መሸሽ መስሎ ስለታየኝ ተውኩት።

ዘንድሮ ኅዳር፣ ሙት ዓመቱ ሳምንት ሲቀረው፣ በሬን አንኳኳች። ሕፃኗን አዝላለች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች፤ ያንን ምስል ክፈቺው አለችኝ። ከፈትኩት። ዘንድሮ ሌላ አዲስ ፎቶ ተነስቶ ኖሯል፤ አውድማው ሳር ውጦት፣ ማድ ቤቱ ጣሪያው ወድቆ ታየ። ደንግጬ ቶሎ ወደ አሮጌው መለስኩት። እሷ ግን አይታለች። ሁለቱ ክምሮች ሲመጡ ጎንበስ ብላ ቀረበች።

"በዚህ ቀን እናቴ በሕይወት ነበረች?"

ቀኗን በጣቴ አሳየኋት። "ነበሩ" አልኩ። "ይኸው ተጽፏል።"

"እንግዲያው አሳጥቢልኝ። ሌላ ፎቶ የላትም።"

ወይዘሮ ትርንጎ በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም ነበር። ይህን ያወቅሁት ያኔ ነው። ምስሉን አሳጥቤ ፍሬም አስገባሁት። በሙት ዓመቱ ድንኳን ውስጥ የሟች ፎቶ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ። ቄስ ብርሃኑ ለመጣው ሰው በጣታቸው ያሳዩ ነበር፤ ቤቱ ይሄ ነው፣ አውድማው ይሄ ነው፣ በዚህ ቀን ትርንጎ ከዚህ ጣሪያ ሥር ነበረች። ማንም አልሳቀም።

አሁን ሳስበው ደህና አደረግሁ አልልም። እናትና ልጅ በሕይወት አሉ፤ እሱን አያለሁ። ያቺን የሚያዝያ ማለዳም አያለሁ፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ተማሪዎቼ ስለ ምስሉ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ቀኑን አንብቡ እላቸዋለሁ፤ የማላውቀውንም አላውቅም ማለት ተምሬአለሁ። ትናንት እታገኝ ሕፃኗን ትንሽ ያዢልኝ ብላ ሰጠችኝ። ልጅቷ ጣቴን ጨምቃ ያዘች። እናቷ ከውጭ ሆና "ቲቸር፣ አስቸገረችሽ?" አለችኝ። አላስቸገረችኝም አልኳት።