«በስ» እና «በል»

ሙርሳል ዕቃ ሲነሳ አፉን አይከፍትም። በአሶሳ የግንባታ ቦታዎች አብሮት የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። አውራ ጣቱን ሲቀስር ክሬኑ ያነሳል፤ መዳፉን ሲዘረጋ ይቆማል። ቀድሞ ግን እንደሱ የሚጮህ አልነበረም። «በል!» ብሎ ዕቃ ሲያስነሳ ድምፁ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ያኔ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ክሊኒክ ይሠራ ነበር። ጣሪያው ላይ የሚወጣው ትልቁ የአየር ማናፈሻ ማሽን ክረምቱን ግቢ ውስጥ ከረመ። የለበሰውን ሸራ ለሲሚንቶ መሸፈኛ ገፈው ወሰዱበት፤ ክፍት አፎቹን የደፈነ የለም፤ ዝናቡ ገባበት።

ሊነሳ በታሰበበት ጠዋት ሙርሳል ጎኑን በጡጫ መታው። ድምፁ የታፈነ ነበር።

«ወሰን ወንድሜ፣ ይሄ ሆዱ ውሃ ነው። መጀመሪያ ማፍሰስ ነው።»

ወሰን ከእንጅባራ የመጣ የክሬን ሾፌር ነው። አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ ሳቀ። «አንተ ደግሞ! ሲነሳ ራሱ ይፈስ የለ? እሰር!»

ማሽኑ እንዳይወዛወዝ ከታች ገመድ የያዘው ሱለይማን ነበር፤ የሙርሳል ሚስት የጣሂራ ታላቅ ወንድም። «እሰርለት አማች፤ አንተን ሲጠብቅ ሚስት ሳያገኝ እንዳያረጅብን» አለ።

ሙርሳል ማሽኑን በማንሻ ቀበቶዎች አሰረ። «በል!» አለ። ማሽኑ ተነሳ። ከሰው ቁመት በላይ ሲደርስ ውስጡ የተኛው ውሃ ባንዴ ወደ አንድ ጫፍ ተንደረደረ። ማሽኑ አጋደለ፤ አንዱ ቀበቶ መንሸራተት ጀመረ።

«በስ! በስ!» ጮኸ ሙርሳል።

እንደ ሙርሳል ባሉ በርታዎች ዘንድ ይህን የዐረብኛ ቃል የማያውቅ ሕፃን የለም፤ በቃ ማለት ነው። በሞተሩ ጩኸት መሃል ወሰን የሰማው ግን «በል! በል!» ነበር። ማንሻውን ሳበው።

ቀበቶው አመለጠ። ማሽኑ ዞሮ ሱለይማንን ደረቱን መትቶ ጣለውና በጠርዙ እግሩ ላይ ዐረፈ። አጥንቱ እንደ ደረቅ ቀርከሃ ተንጣጣ። ጭቃው ቀላ።

ሙርሳል ወደ ሱለይማን አልሮጠም። ወደ ክሬኑ ሮጠ። ወሰንን በአንገትጌው ጎትቶ አወረደና በእጁ በነበረው የሰንሰለት ማያያዣ ብረት አገጩን አለው። ጥርስ ረገፈ። ሌሎቹ ሠራተኞችም የፌሮ ብረት ይዘው ደረሱ።

«አውቆ ነው! በለው!»

ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ጭንቅላቱን የሸፈነበትን ክንድ ቀጠቀጡት። ወሰን ደም በሞላው አፉ «በል አልከኝ… አንተው በል አልከኝ» ይላል። ሙርሳል ይህን ሲሰማ የሰነዘረው እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ሙርሳል!» ሱለይማን ከማሽኑ ሥር አቃሰተ። «እሱን ከገደላችሁት ይሄን ማን ያነሳልኛል?»

ክሬን መንዳት የሚችል ሌላ ሰው በግቢው አልነበረም።

ሙርሳል ወሰን ላይ ተደፋ። ሁለት ፌሮ ጀርባው ላይ ዐረፈ። «በስ!» ብሎ ጮኸ፤ አሁን ሁሉም ገባቸው።

ወሰንን ተሸክሞ መቀመጫው ላይ አወጣው። ወሰን የተሰበረ አገጩን በአንድ እጁ ደግፎ በሌላው ማንሻውን ያዘ። ሙርሳል ቀበቶውን መልሶ አሰረና ወሰን በሚያየው በኩል ቆመ። «በ…» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ደም የነካውን አውራ ጣቱን ቀሰረ። ማሽኑ በዝግታ ተነሳ፤ ከሆዱ የተንዠቀዠቀው ቡናማ ውሃ ሱለይማንን ከላይ እስከ ታች አለበሰው። ሙርሳል መዳፉን ዘረጋ፤ ማሽኑ ቆመ። ሱለይማንን ጎትተው አወጡት።

እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ፤ ነፍሱ ተረፈች። በክሊኒኩ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ማናፈሻው ጣሪያው ላይ ሲያጉረመርም እሰማለሁ፤ ከሥሩ ደግሞ ያን የአጥንት ድምፅ።

ወሰን አገጩ ጠማማ ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱ አሁንም አብረው ይሠራሉ። ዛሬ ግን ማሽን ከመነሳቱ በፊት ወሰን ራሱ ከክሬኑ ይወርድና ጎኑን በጡጫው ይመታል፤ ጆሮውንም ለጥፎ ይቆያል። ሙርሳልም ወሰን መቀመጫው ላይ እስኪመለስ ጠብቆ አውራ ጣቱን ይቀስራል።