የካርድ ክፍሉ መዝገብ

በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። የመጣውን ሰው ሁሉ በአንድ መዝገብ እጽፋለሁ፤ ስሙን፣ ምን ሆኖ እንደመጣ፣ ወደ የትኛው ክፍል እንደላክሁት። ቁስለኛውም፣ ሳል የያዘውም፣ ለእርግዝና መከላከያ የመጣችውም በአንድ ገጽ ይሰለፋሉ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የከተማችን ሳጅን መጣ። እሑድ ሌሊት ሌባ የሱቅ ጣራ ቀዶ ገብቶ ዘበኛውን በዱላ ጭንቅላቱን ብሎታል። ዘበኛው ራሱን ሳያውቅ ደብረ ታቦር ተወስዷል። የተቀደደው ቆርቆሮ ላይ ደም ተገኝቷል።

«እጁን ሳይቆርጠው አልቀረም። ለመታከም የሚመጣው እናንተ ጋ ነው። የትናንቱን መዝገብ አምጪ» አለኝ።

ዘበኛው ጎረቤቴ ነው፤ ሌባው ቢያዝልኝ እልል እል ነበር። ግን በዚያው ገጽ የሳጅኑ ሚስት ስም አለ። አራት ወልዳ በቃኝ ብትለው እምቢ ስላላት፣ ተደብቃ የሦስት ወር መርፌ ትወጋለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጥታ፣ «አደራሽን» ብላኝ ነበር።

«ከፍርድ ቤት ወረቀት ያምጡ» አልሁት። እጄን ከመዝገቡ ላይ አላነሳሁም።

«ወረቀት እስኪጻፍ ሰውየው ዓባይን ይሻገራል። ሌባ ትደብቂያለሽ?»

ይቺ ቃል አናደደችኝ። እኔ ደግሞ ስናደድ ምላሴን አልችለውም።

«የሰው ገመና ነው፣ ሳጅን። የርስዎ ቤት ሰው እዚህ ላይ ብትኖር፣ ለመጣው ሁሉ ገልጬ ላሳይ?»

መዝገቡን ትቶ ፊቴን ያየኝ ጀመር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን ወዲያው ታወቀኝ፤ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

«አለች እንዴ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ለምሳሌ ነው» አልሁ። ፊቱን አዙሮ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። ኃላፊያችን እጁን የተሰፋውን ሰውዬ ስም ብቻ ገልብጦ ሰጠው። ሌባው በሳምንቱ ተያዘ፤ ዘበኛውም ዳነ። ሳጅኑ ስለ ሚስቱ አንድም ቃል አልጠየቀኝም።

የሚቀጥለው መርፌዋ ጥር ላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሩን ሳይ ዋልሁ፤ አልመጣችም።

ለመስቀል ገበያ አገኘኋት። ሆዷ ገፍቷል። ሰላም ብያት ላልፍ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ምን ብለሽ ነገርሽው?»

ምንም አልነገርሁትም ልላት አፌን ከፈትሁና አፈርሁ።