ከዓሣ ነባሪ የሚረዝመው ትል

የባዮሎጂ መምህሩ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም፣ ግን ነፋስ የሚወስደው የሚመስል ከሲታ ሰው ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ «በክብደት ሰማያዊ ዓሣ ነባሪን የሚያህል እንስሳ የለም። በርዝመት ግን አንድ የባሕር ትል ሳይበልጠው አይቀርም። ዓሣ ነባሪው ሠላሳ ሜትር ገደማ ነው፤ ትሉ ሃምሳ አምስት ደርሷል ይባላል» አለ።

«ውፍረቱስ፣ ቲቸር?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ።

«እንደ ክር ነው።»

«እንደ እርስዎ በሉኛ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ትሉ» ሆኖ ቀረ። እሱም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አሥራ አንድ ዓመት አስተማረ።

ሴት ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ እዚያው ትምህርት ቤት ገባች። በሁለተኛው ሳምንት፣ ቤት ረስታው የመጣችውን ደብተር ሊሰጣት ወደ ክፍሏ ሲሄድ፣ በሩ ጋ ጓደኛዋ ስትጠይቃት ሰማ።

«ያንቺ አባትና ትሉ ስማቸው አንድ ነው። ልጁ ነሽ እንዴ?»

«ሞቼ ነው! ሞክሼ ናቸው እንጂ» አለች እየሳቀች።

ደብተሩን ለዘበኛው ሰጥቶ ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት ቦርሳዋን ስታነግት፣ «የኔ ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀድመሽኝ ሂጂ» አላት።

ለምን ብላ አልጠየቀችም። «እሺ አባዬ» ብላ እየሮጠች ወጣች።