የመጨረሻው ሰው አጎቴ ነበር

ከጀላላባድ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳችንን በልተን፣ ሳህኑን አጥበን ነው። የስደት ወሬ ሲነሳ ሰው ሁሉ በጨለማ አጥር ዘሎ የወጣ ይመስላችኋል። የእኛ እንደዚያ አልነበረም። ለጎረቤት “ዴልሂ ዘመድ ልንጠይቅ ነው” ብለን፣ ሁለት ሻንጣ ይዘን፣ ታክሲ ጠርተን ሄድን። ጎረቤቶቻችንም “በደህና ተመለሱ” አሉን፤ ፊታቸውን ሳየው ግን እንደማንመለስ ከእኛ ቀድመው ያወቁ ይመስሉ ነበር።

ሃርጂት እባላለሁ። ጀላላባድ አፍጋኒስታን ውስጥ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ እኛ ደግሞ ከህንድ የመጣው የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ነን። ወንዶቻችን ፀጉራቸውን አይቆረጡም፣ ጥምጣም ይጠመጥማሉ። አያት ቅድመ አያቶቼ እዚያው ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው እዚያው ሞተዋል። ይህን በአማርኛ የምጽፈው ልጄ ኪራን ከሁሉም ቋንቋ አቀላጥፋ የምታነበው አማርኛ ስለሆነ ነው። እንደኛ ተበትኖ አዲስ አበባ ለደረሰ ሰውም ይጠቅም ይሆናል። ስህተት ካገኛችሁ ለኪራን አስተማሪ እንዳትነግሩብኝ።

ማንም “ውጡ” ብሎን አያውቅም። ለማስረዳት የሚከብደኝ ይሄ ነው። ትምህርት ቤት ልጆች የወንድሜን ጥምጣም ይጎትታሉ፤ ወንድሜ ትምህርቱን ይተዋል። ሰው ሞቶብን እንደ ሥርዓታችን አስከሬኑን ስናቃጥል ድንጋይ ይወረወርብናል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ተደብቀን እንሄዳለን። አንድ ሱቅ ይሸጣል፣ ከዚያ አንድ ቤተሰብ “ዘመድ ሊጠይቅ” ይሄዳል። ጉርዱዋራ በምንለው የጸሎት ቤታችን ለመጣ ሰው ሁሉ ምግብ ይቀርባል። አንድ ቀን ልብ ብለን ስናይ፣ ለሁለት መቶ ሰው ምስር ይቀቀልበት በነበረው ድስት የሚቀቀለው ለአሥራ ሁለት ሰው ነው።

የጸሎት ቤቱ ጠባቂ አጎቴ ሩፕ ነበር። ሚስትም ልጅም የለውም። አብረን እንሂድ ብዬ ብለምነው፣

“እኔ ከሄድኩ በሩን ማን ይከፍታል?” አለኝ።

“ማን ሊገባ?” አልኩት።

ሻንጣዬን አንስቶ ታክሲው ላይ ጫነልኝ።

ዴልሂ ሁለት ዓመት ቆየን። እዚያ “አፍጋኖቹ” ይሉናል፤ አገራችን እያለን “ህንዶቹ” ነበር የምንባለው። ባለቤቴ ማንጂት አዲስ አበባ፣ ለቡ አካባቢ ያለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራ ሲያገኝ፣ “እዚያ ደግሞ ምን ይሉን ይሆን?” እያልን መጣን። የመኖሪያ ፈቃድ ስንጠይቅ ፎርም የሚሞላው ሰውዬ እንግሊዝኛ ይችል ነበር።

“ህንዳዊ ነሽ?”

“አይ፣ አፍጋን ነኝ።”

ፓስፖርቴን አየ፣ እኔን አየ። “እንግዲያው ሙስሊም ነሽ።”

“አይደለሁም። ሲክ ነኝ።”

“ሲክ ህንድ አይደል እንዴ?”

“ሃይማኖት ነው።”

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “የሂሳብ አስተማሪዬ ህንድ ነበሩ። ልክ እንደ ባልሽ ይጠመጥሙ ነበር።”

“ጥሩ ሰው ነበሩ?”

“በጣም ይገርፉን ነበር።”

ሦስታችንም ሳቅን። በመጨረሻ “ሌላ” የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ልክ የሆነኝ ሳጥን አላገኘሁም።

ቤት ያገኘነው መካኒሳ ነው። አከራያችን ወይዘሮ አስቴር የሆሳዕና ሰው ናቸው፣ ጴንጤ ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው መረመሩን። ያኔ አማርኛዬ ለገበያ ያህል ነበር።

“ትጠጣላችሁ?”

“አንጠጣም።”

“ታጨሳላችሁ?”

“አናጨስም።”

“ሥጋስ?”

“አንበላም።”

ትንሽ አሰቡ። “ጌታን ሳታውቁ ነው እንዲህ የሆናችሁት?”

እውነቱን መደበቅ አልፈለግኩም። “ጠዋት ጠዋት ግን ተነስተን እንጸልያለን። በዜማ ነው” አልኩ።

“እኛም እንጸልያለን” አሉ። “የኛ በማይክ ነው።”

ቤቱን ሰጡን።

ሽሮ መጀመሪያ የበላሁ ቀን የእናቴ እጅ መሰለኝ፤ እሷም የሽንብራ ዱቄት ከእርጎ ጋር ታበስል ነበር። እንጀራው ግን “ተበላሽቷል” ብዬ ልመልስ ነበር፣ ማንጂት ነው የከለከለኝ። ወይዘሮ አስቴር ሲያጎርሱኝ ጣታቸውን ነከስኩ። ሄል የገባበት አረንጓዴ ሻዬን ስሰጣቸው ደግሞ ቀምሰው “ለሳል ነው?” አሉኝ። ሐምሌ ላይ የጀላላባድ ሰው ከሙቀት ሸሽቶ ጣሪያ ላይ ይተኛል፤ እዚህ በሐምሌ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ኪራንን አቅፌ ጥግ ያዝኩ። እሷ ትስቃለች።

ማንጂትማ ከሁላችንም በልጧል። አንድ እሁድ በብስራተ ገብርኤል ሲያልፍ፣ ጥምጣሙንና ጢሙን ያዩ አንዲት እናት ባህታዊ መስሏቸው ጉልበቱን ሳሙት፤ “አባ፣ ይባርኩኝ” አሉት። ደንግጦ እጁን ራሳቸው ላይ አድርጎ በቋንቋችን በፑንጃቢ መረቃቸው። እሳቸውም “አሜን” ብለው ሄዱ። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ “አባ” ስንለው ሰነበትን።

እንዲህ እያልን ስድስት ዓመት ሞላን። ባለፈው መጋቢት አጎቴ ሩፕ ደወለ። ቁጥሩ የህንድ ነው።

“ዴልሂ ነኝ” አለ።

“ታመህ ነው?”

“ደህና ነኝ። ብቻዬን ዘጠኝ ወር ቆየሁ። ብቻዬን እዘምራለሁ፣ ብቻዬን እሰማለሁ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።”

“በሩስ?”

“ቁልፉን ለዳቦ ጋጋሪው ለጉል ሰጠሁት። ደጁን እጠርጋለሁ ብሏል።” ከዚያም፣ “አንድ ሰው እኮ ነኝ። አንድ ሰው ሲጎድል ከተማው በምን ያውቃል?” አለ።

ስንት ዓመት “ውጣ” እያልኩ የለመንኩት እኔ ነኝ። እንደ ወጣ ሲነግረኝ ግን ተናደድኩበት። እሱ እዚያ እያለ እኔ ራቅ ብዬ የሄድኩ ሰው ነበርኩ። አሁን አገር የሌለኝ ሰው ሆንኩ። ይህን አልነገርኩትም። “እንኳን በሰላም ወጣህ” ብዬ የጉልን ቁጥር ተቀበልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ደወልኩ። ጉል አላወቀኝም።

“የማን ልጅ ነሽ?” አለኝ በከተማችን ቋንቋ በፓሽቶ። እንዲህ ተብዬ ከተጠየቅሁ ስንት ዘመኔ።

“የጨርቅ ነጋዴው የባልዴቭ ልጅ።”

“የማዕዘኑ ሱቅ? አሁን ስልክ ይጠገንበታል” አለ። “የጸሎት ቤታችሁን ደጅ ዛሬም ጠርጌዋለሁ። ብርቱካኑ አብቧል፣ መንገዱ ሁሉ ይሸታል።” ወዲያው ደንበኛ መጣበትና “አንዴ ቆዪኝ” ብሎ ስልኩን አስቀመጠው።

ቆየሁ። ዳቦ ይቆጠራል። የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። አንዲት ሴት ትጨቃጨቃለች። ኪራን መጥታ ጆሮዋን ከጆሮዬ አጠገብ ለጠፈች።

“ማነው፣ እማዬ?”

“ዳቦ የሚገዙ ሰዎች ናቸው።”

“ምን ይላሉ?”

“ሴትየዋ ዳቦው አንሷል ትላለች። እሱ ያው ነው ይላል።”

“አሁንስ?”

“አሁን ስለ ልጇ ትነግረዋለች።”

ጉል ስልኩን የረሳው ይመስለኛል። እኔም አልዘጋሁትም።