የእትዬ ዘነቡ ነጠላ

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁበት ቀን ይህ ነው።

የማስተርስ ጥናቴ ቀለም የበከለውን ውሃ ስለማጥራት ነው፤ እጅግ የደቀቀ ነጭ ዱቄት ይጨመርበታል፣ ዱቄቱ ብርሃን ሲያገኝ ቀለሙን ያፈራርሰዋል። ኮልፌ ያሉት አከራዬ እትዬ ዘነቡ ደግሞ ልጃቸው ከሞተች ሦስት ዓመት ቢሞላትም ከል አላወለቁም። ነጠላቸው በደበዘዘ ቁጥር እንደገና ጥቁር ይነክሩታል።

«የነከሩበትን ውሃ ቦይ ውስጥ አይድፉብኝ፣ ለሙከራ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ሳፋው ግቢ ነው፣ ስመለስ ትወስደዋለህ» ብለውኝ ሳንሱሲ ሰፈር ለቅሶ ሄዱ።

እስኪመለሱ አላስቻለኝም። ነጠላውን ያወጡት መስሎኝ ዱቄቴን በተንኩበትና ፀሐይ ላይ ተውኩት። ከሰዓት በኋላ ውሃው ጠራልኝ ብዬ ስደሰት፣ ነጠላው ታጥፎ ከታች ታየኝ። ፀሐይ ያገኘው ገጹ አመድ መስሏል፤ ጥቁር ሆኖ የቀረው የውስጡ እጥፋት ብቻ ነው።

ሲመለሱ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን ነጠላውን ጨምቀው፣ እያገላበጡ ብዙ አዩት።

«ጎረቤቱ ሁሉ አውልቂ እያለ አስጨንቆኝ ነበር» አሉ።

በማግስቱ ጥቁሩን ወደ ውስጥ አጥፈው ለብሰው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው አዩኝ።

«ለእነሱ አውልቄያለሁ» አሉኝ።