የሁለት ደቂቃ ቂም

እህትና ወንድም ናቸው፤ ዘጠኝ ዓመት ግን እንደ አይጥና ድመት ኖሩ። እሷ የከተማ አውቶቡስ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበረች፣ እሱ ሾፌር። «ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ወጣ» ብላ ሦስት ጊዜ ጻፈችበትና አስባረረችው። የገዛ ወንድሟን! በመናኸሪያው ሰዓት ነው የወጣሁት ብሎ ቢምል ቢገዘት ሰሚ አጣ። «ሰዓት አያከብርም» የሚለው ወረቀት በሄደበት ሁሉ እየቀደመው፣ ቋሚ ሥራ እንዳማረው በአሮጌ መኪናው ዕቃ ሲያመላልስ ፀጉሩ ሸበተ።

ዘንድሮ አንድ የጭነት ድርጅት ተወዳድረው ለማያውቁ ሾፌሮች የመኪና ውድድር አዘጋጀ። መክነፍ አይደለም የሚፈለገው፤ በታዘዘው ፍጥነት ነድቶ፣ መንገድ ላይ ተደብቀው የሚጠብቁ መዝጋቢዎች ጋ በሰከንዱ መድረስ ነው። መቅደምም መዘግየትም ያስቀጣል። ያሸነፈ ሾፌር እዚያው ይቀጠራል። ታዲያ ከጎን ሆኖ ሰዓትና ርቀት የሚያሰላ ሰው ግድ ነው፤ በሰፈሩ ከእሷ በቀር ማን አለ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጥርሱን ነክሶ ለመናት። እሷም ሰዓት ማክበር እንዲማር ስትል እሺ አለች።

በውድድሩ ጠዋት ሁሉም ሰዓቱን ከአዘጋጁ ሰዓት ጋር እንዲያስተያይ ሲነገር እሷ ንቅንቅ አላለችም። የእሷ ሰዓት በማንም አይስተካከልማ! መነሻቸው ሁለት ሰዓት ከአሥር ነበር። የመነሻው ባንዲራ ወርዶ እሱ ማርሽ ሲያስገባ የእጅ ፍሬኑን ጨምድዳ ያዘች። ገና ነው፣ አሁንም ልትቀድም ነው፣ አመልህ አይለቅህም አለችው። ከኋላ ጡሩምባ ሲያንባርቅ ደሙ ፈላ፤ ግን «ቀድሞ ወጣ» መባልን እንደ እሳት ይፈራልና ጠበቀ።

ከዚያ ወዲያ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስሌቷ እንከን አልነበረውም። ሰባውን ኪሎ ሜትር እየተሰዳደቡ ጨረሱት።

ውጤቱ ሲለጠፍ አራቱም መዝጋቢዎች ጋ ልክ ሁለት ሁለት ደቂቃ ዘግይተዋል። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው።

እሱ ከወረቀቱ ወደ እሷ ዞረ።

«ሰዓትሽን በምንድን ነው የምታስተካክዪው?»

«በአባባ የግድግዳ ሰዓት። ድሮም በሱ ነው።»

የሬዲዮ ዜና በጀመረ ቁጥር ሁለት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቶ የሚገኝ፣ አባታቸው ግን «ሬዲዮው ነው የተሳሳተው» እያሉ የሚሟገቱለት ያ ሰዓት!

እሷ የአዘጋጁን ሰዓት አየች፤ ክንዷን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ባንተ ስንት ሰዓት ነው?» አለችው ዝግ ብላ።

«ያኔ ነበር መጠየቅ፣ እትዬ» አለና መኪናውን አስነስቶ እዚያው ጥሏት ሄደ።